በጎቹ የማን ነበሩ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ ያረፉት ካቻምና ጥር ላይ ነው። ከማረፋቸው በፊት የንስሐ አባታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት አስጠርተውኝ ‹በጎቹን ለሁለት ክፈልና ግማሹን ለእህትህ ስጣት› አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከእህቴ ጋር የምንገናኘው በአባት ነው። ባሏን ፈትታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከተመለሰች ወዲህ አባታችንን ስታስታምም የኖረችው እርሷ ናት።

በጎቹ ሠላሳ አራት ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ ሳስበው፣ ተከፋፍለውና ተበታትነው ከሚቀሩ ለአባታችን ነፍስ የሚሆን ሥራ ቢሠራባቸው ይሻላል አልኩ። የደብራችን ጣሪያ ከዓመታት ጀምሮ ያፈስስ ነበር። ባለቤቴም ‹ለእህትህ ብትሰጣት በልታ ነው የምትጨርሰው፤ ለቤተ ክርስቲያን ስጠው› አለችኝ። ሁሉንም ሸጥኩ፤ ከራሴም ብዙ ጨመርኩበትና ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩንና እንጨቱን አስጭኜ ለአርባቸው አደረስኩ። ጣሪያው አማረ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ካህናቱ መረቁኝ። በቅጥሩ በር ላይም የእኔና የአባቴ ስም ተጻፈ።

እህቴ ያን ቀን ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን አታናግረኝም። ለዘንድሮ ፋሲካ ቀሚስ ብልክላት መለሰችው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ‹መልካም አድርገሃል› ብለውኛል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ግን በቀደም ከመደብሬ መጥተው ‹መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል› አሉኝና ያስመጣሁላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። ጋሼ፣ እኔ ለራሴ አንዲት በግ አላስቀረሁም። ለእግዚአብሔር የሰጠሁት እንዴት በደል ይሆናል? አሁን ለእህቴ ልስጥ ብልስ ለእርሱ የሰጠሁትን መንጠቅ አይሆንብኝም? አክባሪ ልጅዎ፣ ከደብረ ብርሃን።»

ልጄ፣ አጎትህ የጣሉብህ ቃል ድንገት አፋቸው ላይ የመጣላቸው አይመስለኝም። መርጠው ነው ይዘውት የመጡት። ነቢዩ ሳሙኤል ይህን ቃል ለንጉሥ ሳኦል ሲናገር በመካከላቸው የነበረው ክርክር የበግ ክርክር ነበርና።

ታሪኩ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ላይ ይገኛል። እንደምታውቀው እገምታለሁ፤ ነገር ግን አውቀዋለሁ የምንለውን ታሪክ ነው ሳናነበው የምንኖረው። ሳኦል አማሌቃውያንን እንዲወጋና ከእነርሱ ከሆነው ሁሉ አንዳች እንዳያስቀር ታዘዘ። (ትእዛዙ ለዛሬ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ ለእኔም ይከብደኛል። ዛሬ የያዝነው ግን ያ አይደለም። አንተ የታዘዝከው በግ እንድታካፍል እንጂ ሰይፍ እንድትመዝ አልነበረም።) ሳኦል ዘመተ፤ ድልም አደረገ። ንጉሡን አጋግን ግን ማርኮ አመጣ፤ ከበጎቹና ከበሬዎቹም የሰባውንና ያማረውን ለይቶ አተረፈ። ያጠፋው የተናቀውንና የማይረባውን ብቻ ነበር። ሳሙኤል በመጣ ጊዜ ሳኦል ቀድሞ ባረከውና የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ አለው። ሳሙኤልም፣ እንግዲያ ይህ በጆሮዬ የሚሰማኝ የበጎች ጩኸት ምንድን ነው? ሲል ጠየቀ። ለመንዝ ሰው ይህን ጥያቄ ማብራራት አያስፈልግም።

ሳኦል ለራሴ ነው አላለም። ለእግዚአብሔር ልንሠዋቸው ነው ያመጣናቸው ብሎ መለሰ።

አሁን ደብዳቤህን ደግመህ አንብበው። «ለራሴ አንዲት በግ አላስቀረሁም» ትላለህ። አምንሃለሁ። ሳኦልም ምናልባት ከልቡ ነበር፤ መጽሐፉ ሊሠዋቸው አላሰበም ብሎ አይከስሰውም። ሳሙኤልም ትዋሻለህ አላለውም። የመለሰለት አጎትህ ግማሹን የነገሩህን ቃል ነው። ሙሉው «መታዘዝ ከመሥዋዕት፥ ማዳመጥም የአውራ በግ ስብ ከማቅረብ ይበልጣል» ይላል። አንተ በላታም በግ መካከል ያደግህ ሰው ነህና ስብ ከአንድ አውራ በግ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ነቢዩ መሥዋዕትን እያቃለለ አልነበረም። ምርጡን መሥዋዕት ወስዶ፣ ይህም እንኳን የተነገረህን ከመስማት በታች ነው ማለቱ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄህን ላቃናልህ። ለእግዚአብሔር መስጠትህን ማንም በደል አላለውም። የሚጠየቀው የሰጠኸው በግ የማን ነበር የሚለው ነው። ከሠላሳ አራቱ አሥራ ሰባቱ አባትህ ዓይናቸውን ከከደኑበት ሰዓት ጀምሮ የእህትህ ነበሩ። አንተ እንድታደርሳቸው አደራ የተቀበልክ መልእክተኛ ነበርክ። የሰጠኸው የሰው በግ ነው፤ ይህን ሳታለዝብ ለራስህ ብትናገረው የቀረው ሁሉ ይቀልልሃል።

የጓሳ አገር ሰው ስለሆንክ በአገርህ ነገር ልንገርህ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የመንዝ የጋራ የሣር ምድር የሆነው ጓሳ ቄሮ በሚባለው የአገሬው የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ፣ ሣሩ በተዘጋበት ዘመን ማጭድ ይዞ መግባት ክልክል እንደነበር ከአያቶችህ ሰምተሃል። አንድ ሰው በዚያ ጊዜ ገብቶ አጭዶ ቢያዝና «ለቤተ ክርስቲያን ክዳን ነው» ቢል ምን የሚባል ይመስልሃል? ክዳኑማ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ ሣሩ ግን የሁሉም ነበር፤ ያለ ሁሉም ፈቃድ ታጭዷል። የታቦቱ ስም መጠራቱ ሰውየውን ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም ዳኞቹን አፋቸውን የሚያስይዝ ምክንያት ይዞ በመምጣቱ ነገሩን ያከብደዋል። እህትህ በአርባው ቀን ምንም ያላለችው ለዚህ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ሕዝቡ እልል እያለ፣ አንዲት ባሏን የፈታች ሴት ተነሥታ «ይህ ቆርቆሮ የእኔ በግ ነው» ትበል? ማን ይሰማታል? አፏን የዘጋኸው በእግዚአብሔር ስም ነው።

ኃይለ ቃል አበዛሁብህ። ወደ ሳኦል ልመለስ፤ ስለ እርሱ የምለው ስላለኝና አንተንም የሚረዳህ እርሱ ስለሆነ ነው።

ሰባኪዎቻችን ሳኦልን ሲያነሡ ይጨክኑበታል። እኔ ግን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ክፉ ሆኖ የጀመረ ሰው አይደለም። የአባቱ የቂስ አህዮች ጠፍተው፣ አባቱ ሂድና ፈልግ ቢለው እሺ ብሎ አገር ያቋረጠ ልጅ ነው፤ በዚያ ፍለጋ ላይ ሳለ ነው ከሳሙኤል ጋር ተገናኝቶ የተቀባው። ቁመቱ ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ የሚበልጥ ሰው፣ ንጉሥነቱ በሕዝብ ፊት በሚታወጅበት ቀን በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ተገኘ። የአባቱን ቃል የሚሰማና ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የት ላይ ተሰበረ? ብዙዎች በአማሌቅ ዘመቻ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በምዕራፍ 13፣ ጌልገላ ላይ ነው።

ፍልስጥኤማውያን ብዙ ሠራዊት ይዘው ማክማስ ላይ ሰፍረዋል። ሳሙኤል ሳኦልን ጌልገላ ላይ ሰባት ቀን ጠብቀኝ፤ መጥቼ መሥዋዕቱን አሳርጋለሁ ብሎታል። ሳኦልም ጠበቀ። ይህን ማንም አያነሣለትም፤ ሰባት ቀን ሙሉ ጠብቋል። ሕዝቡ ግን እየፈራ በዋሻና በገደል፣ በጉድጓድም ተሸሸገ፤ ከፊሉ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ሄደ። ሦስት ሺህ ምርጥ ሰው ይዞ የተነሣው ንጉሥ ኋላ ቢቆጥር አብረውት የቀሩት ስድስት መቶ ያህል ናቸው። ቀጠሮው ደረሰ፤ ሳሙኤል አልመጣም። ሳኦል መሥዋዕቱን አምጡልኝ አለና ራሱ አሳረገ። አሳርጎ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ።

እንግዲህ አስተውል። ሳኦል በዚያች ሰዓት የሠራው ሃይማኖታዊ ሥራ ነው። ወደ ጣዖት አልሄደም፤ ሸሽቶም አላመለጠም፤ መሥዋዕት አቀረበ። ያን መሥዋዕት ያቀረበው ግን ስላመነ ሳይሆን ማመን ስላቃተው ነው። የሚበተነው ሕዝብ ዓይኑን ሞላው፤ ጠብቅ ያለው አምላክ የሚያደርገውን እርሱ ቀድሞ ሊያደርግለት ተነሣ። እምነትና መታዘዝ የሚገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያላመነ ሰው መጠበቅ አይችልም፤ መጠበቅ ያልቻለ ሰው ደግሞ የራሱን ብልሃት ያመጣል። ብልሃቱ የከፋ ሲሆን በቀላሉ ይታወቃል። ዕጣን ዕጣን የሚሸት ሲሆን ነው ባለቤቱን ሳይቀር የሚያታልለው።

አንተስ ምን አስቸኮለህ? «ለአርባቸው አደረስኩ» ብለሃል። ጣሪያው ከዓመታት ጀምሮ የሚያፈስስ ከሆነ ለሚቀጥለው ክረምት ቢደርስ ምን ነበረበት? መልሱን አንተም እኔም እናውቃለን፤ አገራችን ነውና። የአርባ ቀን ዓይን አለ። የደብረ ብርሃኑ ነጋዴ ለአባቱ ምን አደረገ የሚል ሰው ከየጎጡ ይሰበሰባል። ሳኦልም በመጨረሻ ሲጨንቀው እውነቱን አውጥቷል፤ ሕዝቡን ስለ ፈራሁ ቃላቸውን ሰማሁ አለ። አንተ የፈራኸውን ሕዝብ አልነቅፍብህም፤ እኔም የምፈራው ሕዝብ ነው። ግን የፈራኸው እርሱን መሆኑን እወቅ።

ከዚያም የሚጠልቅ ፍርሃት ያለብህ ይመስለኛል። ለአባትህ ነፍስ ሠግተሃል። ለሞቱት መጸለይንና መመጽወትን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ እኔም ለእናቴ አደርገዋለሁ። ይሁን እንጂ አባትህ ለነፍሳቸው የሚበጀውን ራሳቸው ነግረውህ ነበር እኮ! የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ሞት ደጃቸው ላይ ቆሞ ሳለ የተናገሩት ስለ በግ ብቻ ይመስልሃል? ያቺ ልጅ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ሌሊት ያገላበጠቻቸው ልጅ ናት። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ጣሪያው ከቆርቆሮ እስከ ሚስማር ጽፈሃል፤ ስለ ማስታመሟ ግን ግማሽ መስመር ብቻ ነው የሰጠሃት። አባትህ ያን ዕዳ አውቀው፣ በሰላም ለመሄድ ፈልገው በአንተ እጅ ሊከፍሉት ሞከሩ። የነፍስ ዕረፍት ከፈለግህላቸው መንገዱ በእህትህ ደጅ በኩል ነበር።

አንድ ሁለት ነገር ደግሞ ከሳኦል ጋር ስለሚያመሳስልህ እንዳላልፈው። ሳኦል ሲጠየቅ በጎቹን ያተረፈው ሕዝቡ ነው አለ። አንተም ባለቤትህን ጠቅሰሃል። የተናገረችው ክፉ ንግግር ነው፤ እህትህ በልታ ትጨርሰዋለች ማለቷ። በልታ ብትጨርሰውስ? የራሷን አይደለም እንዴ የምትበላው? ነገር ግን በሞት አልጋው አጠገብ እሺ ያልከው አንተ ነህ፤ ባለቤትህ በዚያ አልነበረችም። ስትናዘዝም ሆነ ስትታረቅ ስሟን አታንሣ። ሁለተኛው የበሩ ነገር ነው። ሳኦል ከዘመቻው ሲመለስ ቀርሜሎስ ላይ ለራሱ የመታሰቢያ ዓምድ አቁሞ ነው ወደ ጌልገላ የወረደው። ስም መጻፉ በየአገሩ ያለ ልማድ ነውና ብዙ አልልህም። ብቻ በጎቿ በጣሪያው ላይ ያሉት የእህትህ ስም በበሩ ላይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይልህ፤ አለዚያ ምክሬ ለሌላ አንባቢ መርዝ ይሆናል። አባት የተናገረው ሁሉ ይፈጸም እያልኩ አይደለም። ራሱ የሳኦል ቤት ምስክር ነው። በምዕራፍ 14 ሳኦል እስከ ማታ እህል የሚቀምስ የተረገመ ይሁን ብሎ ማለ፤ ልጁ ዮናታን መሐላውን ሳይሰማ በበትሩ ጫፍ ማር ነክሮ ቀመሰ። ሳኦል ልጁን ሊገድል ተነሣ፤ ሕዝቡ ግን ከራስ ጠጉሩ አንዲት አትወድቅም ብሎ አዳነው። መጽሐፉ ሕዝቡን በዚህ አይወቅስም። ዮናታንም ኋላ አባቱ ዳዊትን ሊገድል ሲፈልግ አልታዘዘውም፤ እንዲያውም ዳዊትን አስመለጠው። ስለዚህ አባትህ «ለእህትህ ምንም እንዳትሰጣት» ብለውህ ቢሆን ኖሮ ምክሬ የተገላቢጦሽ ነበር። በወላጅ ስም ሰውን ግፋ፣ ድሃን ንጠቅ፣ ልጅህን ያለ ፈቃዷ ዳር የሚል ትእዛዝ ቢመጣ አለመታዘዝ ነው ታዛዥነቱ። የአንተ አባት ያዘዙህ ግን ሕግም፣ ልማድም፣ መጽሐፍም የሚያዝዙትን ነው። በሕጉ ሴት ልጅ ከወንድ እኩል ወራሽ ናት። በቀደመው የአማራ ርስት ሥርዓትም ሴት ልጅ ድርሻ ነበራት። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27ን ብታነብ ደግሞ አምስቱ የሰለጰዓድ ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታችን ርስት ለምን ይቀርብናል ብለው ሲከራከሩ፣ እግዚአብሔር ራሱ እውነት ተናገሩ ብሎ ሲፈርድላቸው ታያለህ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንሂድ። ለእህትህ ብትሰጥ ለእግዚአብሔር የሰጠኸውን መንጠቅ አይሆንም። ቆርቆሮውን ከጣሪያው ላይ አውርድ ያለህ የለም፤ ዝናቡን ይከልክል። የምትከፍለው ከራስህ ነው። ለዚህ ደግሞ ሳኦልን ትተህ ወደ ዳዊት ሂድ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ዳዊት በሠራው ኃጢአት ምክንያት በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት ወርዶ፣ በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ ላይ መሠዊያ እንዲሠራ ተነገረው። ኦርና ደግ ሰው ነበርና አውድማውንም፣ በሬዎቹንም፣ ለማገዶ የሚሆነውን የእርሻ ዕቃውንም ያለ ዋጋ ውሰድ አለው። ንጉሥ ለመሆኑ፣ ነገሩም ለእግዚአብሔር ለመሆኑ ዳዊት መውሰድ ይችል ነበር። አልወሰደም። ዋጋ ያልከፈልኩበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። ሳኦል የሰው መንጋ ለእግዚአብሔር ሊሠዋ አመጣ፤ ዳዊት በስጦታ የመጣለትን እንኳን ካልገዛሁ አለ። ሁለቱም በደለኞች ነበሩ። ዳዊት ከሳኦል ያነሰ በደለ ብዬ አላምንም። ልዩነታቸው ሲነገራቸው በሰጡት መልስ ነው።

ምን ያህል ትከፍላለህ? ይህንም መጽሐፉ አልተወውም። ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ሰውን የበደለ ኃጢአቱን ይናዘዝ፣ የወሰደውን በሙሉ ይመልስ፣ አምስተኛውንም እጅ ጨምሮ ለበደለው ሰው ይስጥ ይላል። በአሥራ ሰባቱ ላይ አምስተኛ እጅ ስትጨምር ሃያ ወይም ሃያ አንድ በግ ይመጣል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሊወልዱላት ይችሉ የነበሩትን ግልገሎች ደግሞ ሽማግሌዎቹ ያስሉት፤ እነርሱ ከእኔም ከአንተም ይልቅ በግ ያውቃሉ። ሒሳቡ በዛሬ ዋጋ እንጂ ካቻምና በሸጥክበት ዋጋ አይሁን። ነጋዴ ነህና ይህን ማስረዳት አይኖርብኝም።

አካሄዱ ላይ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትህ ተመለስ። «መልካም አድርገሃል» ያሉህ ስለ ጣሪያው ብቻ ነግረሃቸው ይመስለኛል። የአባትህን ቃል፣ የሰሙትን ሰዎች፣ እሺ ማለትህን ጨምረህ ንገራቸውና እንደገና ይፍረዱ። ቀጥለህ አጎትህ ዘንድ ሂድ። ሻይ ሳይጠጡ መሄዳቸው እንዳስከፋህ ከአጻጻፍህ ገብቶኛል። ሳሙኤል ሳኦልን ከመገሠጹ በፊት ሌሊቱን ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ሲጮኽ ነበር ያደረው፤ በኋላም ሲያለቅስለት ኖሯል። አጎትህ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው የነገሩህ ስለጠሉህ አይደለም።

ከዚያ ከአጎትህና ቃሉን ከሰሙት ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እህትህ ቤት ሂዱ። እርሷን ወደ ከተማ አታስጠራት። በበዓል ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት አታድርገው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም አታድርገው። ሳኦል ከተገሠጸ በኋላ ሳሙኤልን የለመነው በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ነው፤ ከበደሉ ይልቅ ገጽታው አስጨነቀው። አንተም ድንጋይ ተሸክመህ ሕዝብ እያየህ ብትወድቅባት፣ እምቢ ለማለት መብት የሌላት ታደርጋታለህ፤ ሁለተኛ ጊዜ አፏን ትዘጋለህ። በጓዳዋ፣ በዝግታ ንገራት። «ድርሻሽ ነበር፤ ያለ ፈቃድሽ ሰጠሁት፤ በድያለሁ» በላት። ለአባታችን ነፍስ ብዬ ነው የምትለዋን ሐረግ አትጨምርባት። እርሷ ራሷ ካነሣችው ያን ጊዜ ትነጋገራላችሁ።

በግ ይሁን ገንዘብ እርሷ ትምረጥ። ልጆች ይዛ ብቻዋን እረኛ ማግኘት ሊያስቸግራት ይችላል፤ ገንዘብ ይሻለኛል ብትል ምን ልታደርጊበት ነው ብለህ አትጠይቃት። በግ ካለች መሐል ሜዳ ገበያ አብራችሁ ውጡና እርሷ ትምረጥ፤ አንተ ክፈል። እናት በጎች ይሁኑ፤ የሰባ ሙክት ነድተህላት ለፋሲካ ታርዶ የሚያልቅ እንዳይሆን።

ይቅር ላትልህም ትችላለች። ቀሚሱን የመለሰችው ቀሚስ ዕዳ ስለማይከፍል ነው፤ በጎቹንም ብትመልስ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡን በስሟ ባንክ አስገባና ደብተሩን ለአጎትህ ስጥ፤ በፈለገች ጊዜ ታወጣዋለች። ይቅርታዋን ግን እንደ ደረሰኝ አትጠብቅ። ዕዳውን የምትከፍለው ዕዳ ስለሆነ ነው፤ እንድታናግርህ ለመግዛት ከሆነ ሌላ ንግድ ጀምረሃል ማለት ነው።

ለልጆችህ ደግሞ ንገራቸው። አያታቸው ምን ብለው እንደነበር፣ አንተ ምን እንዳደረግህ፣ አሁን ለምን ወደ አክስታቸው እንደምትሄድ ከአንተ ይስሙት። ካልነገርካቸው በበሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ እያነበቡ ያድጋሉ።

የደብሩ ሰበካ ጉባኤ በዚህ መካከል ሌላ ነገር ሊጠይቅህ ይችላል፤ እጁ የተፈታ ሰው አንዴ ከታወቀ አይረሳም። ቅጥሩ ይታጠር፣ ደወል ይገዛ ይባል ይሆናል። በትሕትና «ቀድሞ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ» በላቸው። ከእህትህ ጋር እስክትጨርስ ድረስ አንዲት ሚስማር እንኳን እንዳትልክ።